ቀይ ጥግ ያላት ጭልፊት

ጥቅምት 4

ለእትዬ፣

አንቺም አባባም እንዴት ከረማችሁ? እኔ፣ ከደመና በታች ከሰው በላይ የተቀመጠ ፍጡር ደህና ከተባለ፣ ደህና ነኝ።

አዎ፣ በካርታው ጨዋታ ተሸነፍኩ። ለሦስተኛ ጊዜ። «እንዴት አድርገህ?» ብለሽ ጽፈሽ ከስሩ ስላሰመርሽበት መስመሩ ወረቀቱን ቀዶታል። መልሱ አጭር ነው፤ በአንበሳ። ሦስቱም አንበሶቼ እጄ ገቡ፤ የማበላቸው ቀለብ ስላልነበረኝ እጄ ላይ ቁጭ ብለው ሲያዛጉ የጋሽ ዋናው ጦጣዎች ጠረጴዛውን ወረሩት።

ሕጉን እንደገና አስረዳኝ ብለሻል። ተራራው ላይ ያለው የስልክ ጣቢያ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። ጋሽ ዋናው ዋና ቴክኒሺያን ናቸው፣ እኔ ረዳት። እሳቸው የሚመሩት እኔን ነው፤ እኔ የምረዳው እሳቸውን ነው፤ ከእኔ በታች ጄኔሬተሩ አለ። መሥሪያ ቤቱ በየሦስት ወሩ ከሁለታችን አንዱን ወደ ከተማ ያዛውራል፤ ማንን የሚለውን «ተስማሙ» ብሎ ለእኛ ተወው። መስማማት ስላቃተን ጋሽ ዋናው «በአውሬ ካርታ ይለይ» አሉ። ሕጉንም በገዛ እጃቸው ጽፈው የፊውዝ ሳጥኑ ላይ ለጠፉት፦ ያሸነፈ ይሄዳል ወይም ይቀራል፣ እንደ ፈቃዱ። የተሸነፈ ንቅንቅ አይልም። ዕድልን ለሌላ ማስተላለፍ ክልክል ነው።

እሳቸው በየጊዜው አሸነፉ፤ በየጊዜውም ቀሩ። መጀመሪያ ወገባቸውን ያዛቸው። ቀጥሎ ጄኔሬተሩ ያለ እሳቸው አይነሳም ተባለ። አሁን ደግሞ ምክንያት መፈለጉም ሰለቻቸው። ከተማ ያለው ቤታቸው ውስጥ ሚስታቸውና የሚስታቸው አራት እህቶች አሉ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኳቸውም።

ክፍላችን እንዳለ ነው። ሦስት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፤ በመስኮቱ ደመና። ሦስተኛው አልጋ የጎብኚው መሐንዲስ ነው። መሐንዲሱ ጣቢያው ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን ብቅ አላሉም፤ አንሶላቸው ግን በየሳምንቱ ይታጠባል። የሕዝቡ ሁሉ ድምፅ በአናታችን ላይ ያልፋል፤ የስልክ ማማው ስር ግን ስልክ አይሠራም። ስለዚህ እንደ ጥንት ሰው ስንቅና ነዳጅ በሚያመጣው ሹፌር እጅ እንጻጻፋለን።

እባክሽ መንጋዬን፣ የምጫወትባቸውን ካርታዎች፣ አሻሽዪልኝ። አርባውንም ታውቂያቸዋለሽ። ውድ ነገር አልፈልግም፤ ኪሴንም ታውቂዋለሽ። ቀጣዩ ጨዋታ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው።

ወንድምሽ



ጥቅምት 19

ማሙሽ፣

ሰላምታው ይቆየን። መጀመሪያ አንበሶቹን አውጣ።

አርባ ካርታ ውስጥ ሦስት አንበሳ፣ ቀለብ የሚያመላልስ አንድ ጉንዳን የለም! ይሄ መንጋ ነው መሥሪያ ቤት? ሦስት ዳይሬክተር ተሹሞ ፋይል የሚሸከም ሰው የጠፋበት። ገንዘብ ያለው ሰው መንጋውን ሲያሻሽል ትልቅ አውሬ ይጨምራል። እንደ አንተ ያለው ትልቁን ያስወጣና ታናናሾቹን ሥራ ያስይዛል።

ሦስቱንም ላክልኝ። ባለ መነጽሩን ታስታውሰዋለህ፣ መታጠፊያው ላይ ደብተርና እስኪርቢቶ የሚሸጠውን። ወርቃማ ጠርዝ ያለው ካርታ ሲያይ ዋጋ መከራከር ይረሳል። በአንድ አንበሳ፣ ካርታ ከሚያስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ እፍኝ ሙሉ ያሳፍሰኛል። እስከዚያው ጉንዳኖችና ጃርቶች ልኬልሃለሁ። ጉንዳን ራሷ ምንም አትበላም፣ ለሌላው ትሸከማለች። ጃርት የነከሰውን ሁሉ ያደማል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ማንም አይፈልጋቸውም፤ እንደ እኔና እንደ አንተ።

አባባ ደህና ነው። ችግሩም እሱ ነው። ቀኝ እጁ ያው እንደሰለለ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ሚዛን ተቆጣጣሪ እንደነበረ አልረሳም። ሁለተኛዋንም ሠራተኛ አባረራት፤ ድንቹን ሳትመዝን ቀቀለች ብሎ። ከልጆቼ በቀር ማንም አይንካኝ ይላል። ልጆቹ ሲል እኔን ማለቱ ነው።

ከሰዓት ከሰዓት ካርታ እንጫወታለን። በአንድ እጁ መደርደር ስለማይችል ካርታዎቹን የምይዝለት እኔ ነኝ። የራሴን በቀኝ፣ የሱን በግራ። «አትዪው!» እያለ ይጮህብኛል፤ የሱን ፊቴን አዙሬ ነው የምመዝለት። እንዲያም ሆኖ ያሸንፈኛል። ያው የድሮው የቀንድ አውጣ መንጋው ነው፤ አንድም ሳንቲም ያልወጣበት። አያጠቁ፣ አይሸሹ። ቤታቸው ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንተ ቀለብህ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል።

የወደብ ከተማው ቲያትር ቤት ልብስ እንድሰፋለት እስካሁን ይጠብቀኝ እንደሆነ በሹፌሩ ላስጠየቅከው፣ ይጠብቀኛል፤ እስከ ጥር መጨረሻ። ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃ እየሰፋሁ መስኮት አለበስኩ፤ አሁን ደግሞ ሰው ላልብስ። አንተ ካሸነፍክ ከተማ ትዛወራለህ፣ ከአባባ ጋር ትቀመጣለህ፣ እኔ ወደብ ከተማ እሄዳለሁ። ካላሸነፍክ እኔም ንቅንቅ አልልም። ገባህ?

እህትህ



ኅዳር 3

ለእትዬ፣

ጉንዳኖቹ በሰላም ገብተዋል። አንዷ የሹፌሩ ሻይ ፈሶባት ነበር፤ ደርቃ ሥራ ጀምራለች። ጃርቶቹም ጤነኞች ናቸው።

አንበሶቹን አልላክኋቸውም። ሳትቆጪ ስሚኝ። ሰው ተራራ ላይ ደመና እያየ ሲውል የሆነ ወርቃማ ነገር ያስፈልገዋል። ማታ ማታ አወጣና አያቸዋለሁ። እነሱም ያዩኛል። እንግባባለን።

ጋሽ ዋናው ጉንዳኖቹን ሲያዩ «ይህቺ እህትህ መንጋ ታውቃለች» ብለውሻል። እንዴት አዩአቸው እንዳትዪኝ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሰውየውም ረጅም ናቸው።

«ሥራውን ጥለህ ለምን አትመጣም» ብለሽ በፊት ለጻፍሽልኝ፣ አስቤበታለሁ። ደመወዜ የአባባ መድኃኒት ነው። ሥራ ለቀቅኩ ማለት መድኃኒቱን ለቀቅኩ ማለት ነው። ስለዚህ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ካርታው ነው።

ስለ ቲያትር ቤቱ በእውነት ደስ ብሎኛል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ምን ያደርጋል፣ ወረቀቱ አለቀ።

ወንድምሽ

በጀርባው የተጨመረ፦ ጄኔሬተሩ አዲስ ድምፅ አምጥቷል። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሳቅ ነው። ጋሽ ዋናው ማጣሪያው ነው ይላሉ፤ እኔ ቀበቶው ነው እላለሁ፤ ሁለት ቀን ተከራከርን፤ ሦስተኛው ቀን ደግሞ ተኳረፍን። ማጣሪያውን ፈትተን አጠብነው፣ ቀበቶውንም ቀየርነው። አሁንም ይስቃል።



ኅዳር 17

ማሙሽ፣

ወረቀት ስላለቀብህ ከልቤ አዝኛለሁ። ሁለት ባዶ ገጽ አብሬ ልኬልሃለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጭልፊት አለች። አንድ ናት፤ በደንብ ያዛት። የባለ መነጽሩ ድመት ጥጓን ባያኝካት ኖሮ እኛ ቤት ደጃፍ አትደርስም ነበር። የሱቁን መጋረጃ ሰፍቼለት በልፋቴ ፈንታ ወሰድኳት። ሰውየው የተጎዳ ካርታ ያሳፍረዋል፤ እኔን አያሳፍረኝም። የታኘከውን ጥግ በቀይ የጥፍር ቀለሜ ደፍኜዋለሁ። ጀርባዋ ከሌሎቹ ካርታዎች እስካልተለየ ድረስ የጨዋታው ሕግ ይፈቅዳል።

አሁን ስማ። ጉንዳኖቹ ቀለብ ያመጣሉ፤ ጃርቶቹ በር ይዘጋሉ፤ ጭልፊቷ ከላይ ትመጣለች። ጦጣ በል ዝንጀሮ፣ መሬት የረገጠውን ሁሉ ታነሳለች። በየተራ የምትበላው ሁለት ቀለብ ብቻ ነው፤ ለጭልፊት ይሄ ጾም ነው። ከዚህ በኋላ ብትሸነፍ ጥፋቱን ካርታው ላይ አትለጥፍ።

ስለ ጭሱ ሹፌሩ ሳይነግርህ አይቀርም፤ አፉ አያርፍም። ትንሽ ነገር ነው። አባባ ውሃ ጥዶ ረስቶት መጋረጃ ተቃጠለ፤ ያውም የደንበኛ። እሱ ምንም አልሆነም፤ «ስንት ሜትር ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ቤት መሄድ ትቻለሁ። የስፌት ማሽኑን ቤት አስመጣሁት፤ በማሽኑና በአባባ አልጋ መካከል አንድ በር አለ፤ በሩንም እንዳልዘጋው ከልክሎኛል። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከውጪ እቆልፋለሁ። ቁልፉን ሳዞር «የተቆለፈበት ማን ነው?» ብሎ ከውስጥ ይጮሃል። ደረጃውን በሩጫ ወርጄ በሩጫ እመለሳለሁ።

አደራህን።

እህትህ



ታኅሣሥ 5

ለእትዬ፣

በታላቅ ሐዘን ላሳውቅሽ የምወደው፣ መንጋችን ዛሬ ከምሳ በኋላ በክብር መውደቁን ነው።

እንዴት ሆነ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ጉንዳኖቻችን ታሪክ የማይረሳው ሥራ ሠሩ። ጃርቶቹ እስከ መጨረሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አላሉም። ሁለት ጦጣ አደማሁ። ጋሽ ዋናው ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቼ በልቤ ሻንጣዬን ማሰር ጀምሬ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሰውየው ጭልፊታቸውን መዘው፣ ቀዩን ጥጓን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀልኝ። ዕድለኛ ሰው ናቸው፤ ከዕድል ጋር ምን ይደረጋል።

አሁንም አይሄዱም። ቅዝቃዜው ለጉሮሯቸው ተስማምቷቸዋል።

አንቺ ግን ተስፋ እንዳትቆርጪ። የመጋቢቱ ጨዋታ አለ። ባለ መነጽሩ ጋር እባብ ብትጠይቂልኝ? ትንሽ ብትሆንም ግድ የለኝም።

ወንድምሽ



ታኅሣሥ 19

አንተ፣

ሰላም አላልኩህም። ሳስታውስ እልሃለሁ።

ከላክኸው ሁለት ገጽ ያነበብኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። «ቀዩን ጥጓን።» እየመላለስኩ አነበብኩት። አባባ «ምን ሆንሽ፣ ማሽኑ ቆመ» አለኝ።

እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ ዓለም ላይ ድመት አኝኳት በእኔ የጥፍር ቀለም የተደፈነች ጭልፊት ስንት ትኖራለች? የእኔ ጭልፊት የሰውየው እጅ ውስጥ ምን ትሠራለች? ቆይ፣ ጦጣዎቹስ? አምና ጦጣ ላኪልኝ ብለህ ግማሽ ቆርቆሮ ጦጣ አልላክሁልህም? የት ገቡ?

ዓይንህን በጨው አጥበህ ደግሞ እባብ ትለኛለህ። የማንን መንጋ ነው ሳሻሽል የከረምኩት?

እህትህ



ጥር 2

ለእትዬ፣

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ዋናው ጭልፊቷን እስቲ ልያት አሉ። አሳየኋቸው። ወደዷት። ትልቅ ሰው የወደደውን ነገር ከእጁ መንጠቅ ደግሞ ነውር ነው። ደግሞም በነፃ አልሰጠሁም፤ በምትኩ አንድ አንበሳ ሰጥተውኛል። አሁን አራት አሉኝ።

ከላይ ያለውን አንብበሽ ወረቀቱን ስትጨማድጂው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እሺ።

ባለፈው ዓመት ፈቃድ ወጥቼ የመጣሁ ጊዜ አንቺ ገበያ ሄድሽ። አባባ እንጫወት አለኝ። ካርታዎቹን ያዝኩለት። እጁን አየሁት፤ ያ ሙሉ የእህል ጭነት መኪና ያስቆም የነበረ እጅ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረና ካርታው መሬት ተበተነ። አባባ አየኝና «አንተ አትችልም፤ እሷን ጥራት» አለኝ። አንቺ ስትመጪ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን ተቀምጠን ነበር።

እዚህ እስረኛ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ግን ደመናው አትችልም ብሎኝ አያውቅም። በየጨዋታው ዋዜማ የአንቺ ካርታዎች እጄ ላይ ሲከብዱብኝ አንዷን ለሰውየው አሳያለሁ። ማሳየት ብቻ ነው የማስበው።

ጄኔሬተሩ እየጠራኝ ነው።

ወንድምሽ



ጥር 16

ማሙሽ፣

ይህን ስታነብ የመጨረሻው ካርታ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቀለቡ ከአንበሳ ይበልጣል። አባባን ደግፈህ አውርደው፤ ሲወርድ ግራ እግሩን ያስቀድማል፤ ክንዱን ስትይዘው «አልወድቅም» ይልሃል፤ አትስማው።

በግድ ጭኜው እንዳይመስልህ። ደብዳቤህን አነበብኩለት። «እኔ እንደዚያ አልኩት?» አለ። እኔ አንድ ሙሉ መጋረጃ ዘምዝሜ ስጨርስ ጠራኝ። ከዚያ «ሻንጣዬን አምጪልኝ» አለ።

ለጋሽ ዋናውም ጽፌላቸው ነበር። በአንድ መስመር መለሱልኝ፦ «ይምጡ፤ ሦስተኛ ተጫዋች ጠፍቶን ነው።» የመሐንዲሱ አልጋ አንሶላ ለማን ሲታጠብ እንደኖረ አሁን ታወቀ። መሥሪያ ቤቱ ቢጠይቅ ጎብኚ ነው በሉ፤ እሱም ፊቱ ሲታይ ሰው ሊቆጣጠር የመጣ ነው የሚመስለው።

መድኃኒቱ በየጭነቱ ይመጣልሃል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ማታ «ወስጃለሁ» ይልሃል፤ አልወሰደም። ምድጃ አጠገብ ብቻውን አይሁን። ድንቹን መዝኑ። ሐኪሙ ከፍታው አይጎዳውም ብሏል፤ አንተን ይጎዳህ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማሽኑን መልሻለሁ። ቤቱን ከውጪ ቆልፌያለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ከውስጥ የጮኸ የለም። ነገ ባቡር ላይ ነኝ።

እህትህ



መጋቢት 10

ለእትዬ፣ የቲያትር ቤት ሰው ለሆንሽው፣

ስለ አዲሱ ሥራሽ የጻፍሽውን አባባ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። የንጉሡን ካባ ስትሰፊ ትከሻውን አጥብበሽዋል ይላል፤ ካባውን አላየውም፤ ግን እርግጠኛ ነው።

እዚህ ያለውን ከየት ልጀምርልሽ። በመጣ ማግስት የነዳጁን በርሜል በበትሩ ቆርቁሮ «ጎድሏል» አለ። ጋሽ ዋናው ሳቁ። ለካን፤ ጎድሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ስንቀዳ እንኳ ፈቃድ እንጠይቃለን። ጄኔሬተሩ ራሱ መሳቅ አቁሟል።

መድኃኒቱን ይውጣል፤ ምላስህን አንሳ እያልኩ አያለሁ። ካርታዎቹንም የምይዝለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተንቀጠቀጥኩ። «ያዘው፤ ደግሞ ቢበተን ትለቅመዋለህ» አለኝ። ብዙ ለቀምኩ። አሁን እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ለመንቀጥቀጥም ጊዜ አላገኘ።

የመጋቢቱ ጨዋታ ትናንት ሆነ። አባባ ልግባ አለ፤ ማን ይከለክለዋል? ጋሽ ዋናው ቀይ ጥግ ያላትን ጭልፊት አወጡ። ጭልፊቷ ቀንድ አውጣዎቹን በላይ በላያቸው ዞረች፣ ዞረች፣ ቀለቧ አለቀና ወደቀች። የእኔ አራት አንበሶች የት እንደደረሱ አትጠይቂኝ። ሁለታችንንም ሳይነሳ ጨረሰን። ከዚያ በበትሩ የፊውዝ ሳጥኑን እያመለከተ ሕጉን ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዘኝ። አነበብኩ። «እንግዲህ እኔ እቀራለሁ» አለ፤ «አየሩ ተስማምቶኛል። እናንተ ተሸንፋችኋል፤ ንቅንቅ የለም።»

ጋሽ ዋናው አመሻሹ ላይ ውጪ ቆመው አገኘኋቸው። «የሚስቴ እህቶች እኮ» አሉኝ፤ «እንደምንለው ክፉ አልነበሩም።» ሕጉን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ይቅደዱት አልኳቸው። «አባትህ ፎቶ አንስቶታል» አሉኝ።

እትዬ፣ የአሁኑ ልመናዬ የምር ነው። ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ለማንም ሳላሳይ፣ ራሴ የምጫወትበት። ቀንድ አውጣ የሚበላ ነገር ፈልጊልኝ። አራቱንም አንበሶች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ለውጫቸው።

ወንድምሽ



መጋቢት 26

ማሙሽ፣

ሰላም ነህ ወይ? ያኔ ያስቀረሁትን ሰላምታ አሁን አስታወስኩት። ለአባባም ንገረው፦ ትከሻው ጠብቦ ነበር፤ አስፍቼዋለሁ።

አንበሶቹ በሰላም ገቡ። እዚህ ወደቡ አጠገብ አንዲት ካርታ ሻጭ አለች፤ ወርቃማ ጠርዝ ስታይ እሷም ዋጋ መከራከር ትረሳለች። ቀንድ አውጣ የምትበላው ዳክዬ ናት። ቤታቸው ቢገቡም አትጨነቅም፣ ከነቤታቸው ትውጣቸዋለች። አራቱን አንበሶች ሰጥቼ ያለችውን አንዲት ዳክዬ ወሰድኩ።

ከፖስታው ውስጥ አትፈልጋት። የራሴ መንጋ ውስጥ አስገብቻታለሁ።

ሰኔ ላይ ቲያትሩ ሲዘጋ እመጣለሁ። ከአባባ ጋር አንድ ጨዋታ እጫወታለሁ፤ የሱን ካርታ አንተ ትይዝለታለህ፣ እኔ የራሴን ብቻ እይዛለሁ፣ በሁለት እጄ። የመመለሻ ቲኬቴን ከአሁኑ ቆርጫለሁ። ለጋሽ ዋናው ንገራቸው፣ ከፈለጉ ሕጋቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩልኝ፦ እሷ ግን ብታሸንፍም ብትሸነፍም ትሄዳለች።

እህትህ